በወለድ ብድር ነርስነትን መማር

በሜሪላንድ ታክሲ እየነዱ ወይም አረጋውያንን እየጦሩ ቆይተው፣ በጎልማሳነታቸው ነርስ ለመሆን ደብተር የሚገዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከመካከላቸው ሙስሊሙን የሚያስጨንቀው የአናቶሚ ፈተና ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድር ወለድ አለው፤ ቁርኣን ደግሞ በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 275 አራጣን ሐራም ያደርጋል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም የብድር ወለድን ከዚያው ይቆጥሩታል።

«በሽተኛን ማስታመም ዒባዳ ነውና ይፈቀድ» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ይቸኩላል። ዶሩራ (የተከለከለውን የሚያስፈቅድ አስገዳጅ ችግር) የሚባለው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ግን ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት የትምህርት እርዳታ አለ። የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2024–25 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር።

ችግሩ፣ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ይህን አያገኝም! ለእርሱ ጥያቄው በእርግጥ ከባድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ብድሩን ከመፈረሙ በፊት ቀጣሪው የትምህርት ድጎማ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅ።