ማንም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ብስክሌተኛ ሊቆም ይገባዋልን?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና፣ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል፤ ከቡሬም ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በእንዲህ ያለው መገናኛ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ በርበሬ የተጫነው አህያና እግረኛው ሁሉ ከብስክሌተኛው ጋር ይገናኛሉ። እንግዲህ ብስክሌተኛ ከመስቀለኛው ሲደርስ ግራ ቀኙን አይቶ ማንም ባይኖር፣ ሳይቆም ቢያልፍ በደል ይሆንበታልን?

ነገሩ ጥቂት የሚመስለው ሰው አይታጣም። ነገር ግን ሕግ ያለ ተመልካች ይጸና እንደ ሆነ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ጥቂት ነገር ነው።

አስቀድመን የብስክሌተኛውን ምክንያት በቅንነት እንስማ። መኪና ቆሞ ሲነሣ የሚደክመው ሞተሩ ነው፤ ብስክሌተኛ ግን የሚነሣው በገዛ ጉልበቱ ነው፤ ከኋላው ጆንያ እህል የጫነ እንደ ሆነ ድካሙ ይብሳል። ይህ ምክንያት ከንቱ አይደለም። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ብስክሌተኛ የመቆሚያ ምልክት ካለበት ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥቶ፣ ሳይቆም እንዲያልፍ ፈቅዳለች። ሰንበት ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች ከጌታ ለተማርን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ አይዳሆ ያስቀረችው መቆምን ነው እንጂ ቅድሚያ መስጠትን አይደለም፤ ያስቀረውም ሕግ አውጪው ነው እንጂ ጋላቢው አይደለም። «ቁም» የሚለውን ምልክት በራሱ ሥልጣን የሚሽር ሰው ግን ተከራካሪውም ዳኛውም እርሱ ራሱ ይሆናል። «ማንም የለም» የሚለውም ፍርድ ዓይኑ እስከ ደረሰበት ብቻ ነው፤ ከቆመ መኪና ጀርባ የሚወጣውን ሕፃን አላየውም።

ብስክሌተኛ በኢሱዙ ፊት ደካማ ነውና ራሱን ዘወትር ከተበዳዮች ወገን ይቈጥራል፤ ለእግረኛ ግን ኢሱዙው እርሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መብል ሲጽፍ፣ ዕውቀት ያለው ሰው የተፈቀደለትን እንኳ ስለ ደካማው ወንድሙ ሲል እንዲተው ያስተማረው ለዚህም ይስማማል። ሸክም ተሸክማ የምትሻገር አሮጊት የብስክሌተኛውን ጥንቃቄ ልታውቅ አትችልም፤ ድምፅ የለውምና መምጣቱንም አትሰማም። የምታምነው መቆሙን ሲያዩ ዓይኖቿ የነገሯትን ብቻ ነው። ቅዳሴ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው የሚል ዲያቆንም አለ፤ እርሱስ ቀደም ብሎ ይነሣ።

የንስሐ አባቶች ግን፣ በባዶ የገጠር መገንጠያ ፍጥነቱን አብርዶ ያለፈውንና በገበያ ቀን ደወሉን እየደወለ ሕዝቡን የበተነውን በአንድ ሚዛን ሊመዝኑ አይገባም። ለፊተኛው ምክር ይበቃዋል፤ ሁለተኛውን ግን ቀኖና ከመስጠት አስቀድሞ፣ ያስደነገጠውን ሰው ፈልጎ ይቅርታ እንዲጠይቅ ማዘዝ ይገባል።