ደጅ የቆመው ማን ነው?

ንባቡ «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። ስለ ማርያም ስም ቁራሽ አትንፈጉኝ ሲል ነው። ባለ ንባቡ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ የያዘ የቆሎ ተማሪ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ዕድሜ የሚያስቆጥረው ይህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ካልተባለ የሚባል ምን አለ? መዝገብ ቤትና በጀት ጎደለው እንጂ። ሃይማኖታዊ ዩኒቨርሲቲ ትውፊቱን ሳይለቅ እንዴት አካታች ይሁን የሚል ጥያቄ ሲነሣ ብዙው ሰው ከመመሪያ ይጀምራል፤ እኔ ከዚህች ጥሪ እጀምራለሁ። ስለምን ቢሉ፣ ጥያቄው ተገልብጦ የቀረበ ስለሚመስለኝ ነው። ተቋሙ ማንን ያስገባል ይባላል፤ ተቋሙን ማን አስገብቶት ኖረ አይባልም።

አንድም፦ ጥሪዋን በራያ ቆላ እንስማት። በምዕራብ የላስታና የዋድላ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከዞብል ወዲያ አፋር፤ በመካከሉ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ። አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው በአንድ ገበያ ይደባለቃል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀበሌ ይተያያሉ። ከደጋው የወረደ ተማሪ «ስለ ማርያም» ብሎ ሲጣራ የሚከፈትለት በር የሙስሊም ሊሆን ይችላል። ያች ቤት ስሙን ታውቀዋለች፤ በቁርአን በመርየም ስም የተጠራ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ተማሪው ወላዲተ አምላክ ይላታል፤ ባለቤቲቱ የነቢዩ ዒሳ እናት ትላታለች። የትኛውም ወገን ቃሉን ለሌላው ሲል አላለሰለሰም። የማሽላው እንጀራ ግን አኩፋዳው ውስጥ ገባ። እንግዲህ ማካተት ማለት እምነትን ማቅጠን ነው የሚሉት ሰዎች ይህችን ደጅ ያዩ አይመስለኝም።

አንድም፦ ደጅ የቆመው ደረሳው፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው ነው። ይህ ቆላ የቅኔ ተማሪ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሙስሊሙ ሊቅ የሸህ ጀማሉዲን ስም የተተከለበት የትምህርት ስፍራ አና እዚሁ ራያ ነው፣ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ደግሞ የየጁው ዳና አለ። ደረሳውም አገሩን ለቆ፣ የሰው እህል እየበላ ኪታብ ይቀራል። ከሁሉ የሚገርመኝ የሁለቱ ቤቶች የአስተማመር ስልት መመሳሰሉ ነው። የመጻሕፍት መምህሩ በግእዝ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ሸሁ በዐረብኛ ያነባል፣ ደረሳው በሚሰማው አፍ ይፈታል። የወሎ ሸሆች የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ማቆየታቸውም ከዚሁ ስልት ይቀዳል። ቅዱሱ ቋንቋ በክብሩ ተቀምጦ የገበሬው ቋንቋ እኩል ወንበር አገኘ። ይህን ውሳኔ ማንም ከውጭ አላዘዘም።

ይህ ሁሉ የወሎ ፍቅር የሚባለው ተረት ነው፣ ቦሩ ሜዳን ረሳኸው? ቢሉ፣ አልረሳሁም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ብለው አዘዙ፤ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ሸህ ጠልሃ ደግሞ ለዐመፅ ተነሡ። ነገር ግን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዘመን የተፈረደባቸው ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም። በጉባኤው የጸጋ ልጆች የሚባሉት ክርስቲያኖችም ተወግዘዋል። ለጎረቤት ሃይማኖት በሩ ሲዘጋ በቤት ውስጥ ላለው ክርክርም ተዘጋ። ስለዚህ ቦሩ ሜዳ የትውፊቱን ባሕርይ አያስረዳም፤ ቤተ መንግሥት ትርጓሜን በአዋጅ ሲጨርስ የሚሆነውን ያስረዳል። ለሃይማኖታዊ ዩኒቨርሲቲም ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ወገን ይመስለኛል።

እንግዲያው ሁሉም ትርጓሜ ልክ ነው ልትል ነው? ቢሉ፣ አይደለም። «አንድም» እያለች የምትተረጉመው የቤተ ክርስቲያን አንድምታ ልል አይደለችም፤ ከሃይማኖት የሚያወጣውን መምህሩ ይጥለዋል። ያልጣለውን ግን አይደብቅም። ከሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች የላይ ቤቱ ደቀ መዝሙር የታች ቤትን አተረጓጎም፣ የታች ቤቱም የላይ ቤትን ያውቃል፤ መምህሩ የማይመርጠውንም «አንድም» ብሎ በቃሉ ይይዛል። የማይስማሙበትን ሰው ሐሳብ ሳያጣምሙ መሸከም ልምምድ ይፈልጋል፤ ይህ ቤት ልምምዱን የትምህርቱ ሥርዐት አድርጎታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ ይህ አይበቃም ወይ? የሚል ይኖራል። ለመንግሥት ተቋም ተገቢ ሕግ ነው፣ ይሰረዝ አልልም። ግን ሕጉ አድልዎን ይከለክላል እንጂ እንግዳና ባለአገርን አያስተዋውቅም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች በግጭት ተገደሉ። መንሥኤው ብዙ ነው፤ የአገሪቱ ፖለቲካ ወደ ብዙ ግቢዎች የገባበት ወቅት ነበር። አንዱ ነገር ግን ከዓይን ያመልጣል፦ በምደባ መጥቶ፣ በካፍቴሪያ በልቶ፣ በአጥር ውስጥ አድሮ የሚማር ልጅ ከከተማው አንድም ደጅ ሳያውቅ አራት ዓመት ሊጨርስ ይችላል። የቆሎ ተማሪው እንዲህ ሆኖ ሳምንት አይከርምም። ረኀብን እያሞገስሁ አይደለም፤ ውሻ የነከሰው ተማሪ ይህን ቢሰማ በዱላው ያባርረኛል። የምለው ትምህርት ቤቱ ከእምነቱ ውጭ ያሉ ሰዎች ባለዕዳ ነበር፣ ያንንም ያውቅ ነበር ነው። የዚያ ትምህርት ወራሽ የሆነው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እንደገና ተከፍቶ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። እንዲህ ያለ ቤት ለሌሎች በሩን ሲከፍት ቸርነት አደረግሁ ማለት አይገባውም፤ የቆየ ብድር መመለሱ ነው።

የብድሩ መዝገብ ግን ሲገለጥ ያሳፍራል። እርግጥ ቤቱ ዓይነ ስውሩን አልገፋም፤ ትምህርቱ በጆሮና በቃል ስለሆነ ማየት የተሳነው ሊቅ ሆኖ ወንበር ዘርግቷል። ቀጥቃጩን ግን አገሬው ቡዳ ሲለው ሊቃውንቱ በብዛት ዝም አሉ። ለሴቷም ትውፊቱ አይፈቅድላትም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እነዚህ ዓይነ ስውሯን የጎጃም የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የት ያኖሯቸዋል? ወንዶቹ ቅኔ የዘረፉት በእርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ነው። አንዲት ናቸው፣ ለልማድ አይበቁም ቢሉኝም እቀበላለሁ። ግን ትውፊቱ አንድ ጊዜ ያደረገውን አይችልም ማለት አይቻልም።

አንድም፦ ደጅ የቆመችው ጋጋሪዋ ናት። ያን ሁሉ ዘመን «ስለ ማርያም» በተባለች ቁጥር ከምጣዱ ተነሥታ አኩፋዳውን የሞላች የራያ ሴት፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ አሁን ሴት ልጇን ይዛ ከመጻሕፍት ቤቱ ደጅ ቆማለች። የምትለው ያችኑ ንባብ ነው፣ የሴት ስም ያለባትን። መምህሩም ከውስጥ እየሰሙ ነው።