ዛር ሲናገር ምርጫው የማን ነው?

በአማራው አገር ሲነገር የኖረ አንድ ተረት ዛርንና ሰውን የአንድ እናት ልጆች ያደርጋቸዋል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛት በመጣ ጊዜ ሰግታ መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ እሱም የተሰወሩት ተሰውረው እንዲቀሩ ፈረደ። የታዩት ሰው፣ ያልታዩት ዛር ሆኑ። ተረቱ አጭር ቢሆንም ትልቅ ሐሳብ ይዟል፤ በዓይን ባይታይም እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ፣ ሃይማኖትና ማዕረግ ያለው ዘር አለ ማለት ነው።

ለዚህ ዘር የተሟላ ባህል ተሰጥቶታል። ክርስቲያን ዛር አለ፣ ሙስሊም ዛርም አለ፤ ጌታና ሎሌ፣ ወንድና ሴት፣ ቁጡና ትዕግሥተኛ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ስም፣ የራሱ ፉከራና የራሱ ምርጫ አለው። የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ጭብጨባው ሲሞቅ ፈረሱ አንገቱን እየናጠ ያጓራል፤ ዛሩ ስሙን ተናግሮ ይፎክራል፤ ቀጥሎም የሚሻውን ይጠይቃል። አንዱ ጥቁር ዶሮ፣ ሌላው ገብስማ ይላል፤ ሽቶ፣ ቀለበት ወይም አዲስ ልብስ የሚያስገዛም አለ። ከሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ጦረኛ ወንድ ዛር ሲወርድባት ድምጿ ጎልቶ ባሏንና ጎረቤቱን ታዝዛለች። የክርስቲያን ቤት ልጅም የሙስሊም ዛር ፈረስ ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ የዛሩን ወግ ይዛ ትቆያለች። ያሻትን ልትሆን ግን አትችልም፤ ለወረደባት ዛር የማይስማማ ነገር ብታደርግ የከበቧት ሰዎች ወዲያው ይታዘቧታል።

እንግዲህ የሚጠይቀው ማን ነው፣ ዛሩ ወይስ ሴቲቱ? ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ባለዛሮችን በቅርብ ተከታትሎ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከቲያትር ጋር አነጻጽሯል፤ ተዋናዩ እየተወነ መሆኑን የማይለይበት፣ የሚኖሩት ቲያትር ብሎታል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ ሌላውን ገጽታ አሳየ፤ በዛር የሚያዙት ባብዛኛው ያገቡ ሴቶች እንደሆኑና በዛሩ አማካይነት ባል ዘንድ የማይገኘው ስጦታና ክብር እንደሚገኝ ጻፈ። ሁለቱ ተደምረው ሲታዩ የዘሩ ባህል እስከ ምን ድረስ እንደሚገዛ ይገባል። ባህሉ አነጋገሩን፣ አረማመዱንና የሚፈቀደውን ልክ ይሰጣል። የሚጠየቀው ቀሚስ ግን ከሴቲቱ ከራሷ ኑሮ የወጣ ነው፤ ለዓመታት በሆዷ ይዛው ኖራለች፣ በራሷ አፍ ብትለው የሚሰማት አልነበረም። ይህን ማታለል ማለት ስሕተት ነው፤ የውጭ ኃይል ብቻ ማለትም እሷን ፈጽሞ መርሳት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ነገሩን እንደ ጨዋታም እንደ ቲያትርም አታየውም፤ ዛር ለሷ ርኩስ መንፈስ ነው። በሰሜን ሸዋ ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ላይ መንፈሱ ሲጮኽ አጥማቂው መስቀሉን ይዞ «ማን ነህ? በምን ያዝካት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከእናቷ ወይም ከአያቷ የመጣ የዘር ዛር ነኝ የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሆኖም ውርስ መሆኑ ጉዳዩን አይዘጋውም። ሴቲቱ በመያዟ አትወቀስም፤ ለዛር ዶሮ ማሳረዷንና ግብር ማግባቷን ግን ለንስሐ አባቷ ትናዘዛለች። የወረደባት የሷ ሥራ አይደለም፣ የሰጠችው ግን የሷ ነው። የሰውን ነጻ ፈቃድ ለማስረዳት መምህራን ደጋግመው የሚጠቅሱት መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደቀረቡና እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድ ያስተምራል።

ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለርኩስ መንፈስ መገዛት አይገባም የሚለውን ትምህርት በኃይል ሊያስፈጽም ሞክሯል። ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቷል በተባለበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን ቆርቁሮ የዘመኑን መጨረሻ እዚያ ሲያሳልፍ፣ መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ድርሳኑ ጥንቆላን አጥብቆ አወገዘ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁም ዲያብሎስንና ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱን እንዲጽፍ አዘዘ፤ ጣዖት አምልከዋል ተብለው የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ተቀጥተው ሞቱ። ትእዛዙ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር አለበት። ክህደት ዋጋ የሚኖረው ከፈቃድ ሲወጣ ነው፤ በቅጣት ፍርሃት በቆዳ ላይ የተጻፈ ቃል የሰውየውን ልብ አይገልጥም።

ከዘር የሚመጣው ምን ያህል፣ ከሰው ምርጫ የሚመጣውስ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ በምናባዊ ጨዋታዎችም ተነሥቷል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተጫዋቹ ዘር መርጦ ገጸ ባሕርይ እንዲሠራ ያደርጋል። በመጀመሪያው እትም ድዋርፍ የሚባለውን የድንክ ዘር የመረጠ ሰው ተዋጊ ከመሆን በቀር አስማተኛም ካህንም ሊሆን አይችልም ነበር፤ ኦርክ የሚባሉት ጭራቆችም ከፍጥረታቸው ክፉዎች ተደርገው ይሳሉ ነበር። በ2020 አዘጋጆቹ ክፋት በዘር አይወሰንም ብለው ደንቡን አላሉ፤ በ2024ም ዘር የሚለውን ስያሜ ተዉት። ማላላቱ ተገቢ ነበር። የዘሩ ባህል ጨርሶ ቢነሣ ግን የሚጣስም የሚጠበቅም ወግ ስለማይኖር የገጸ ባሕርዩ ምርጫ ክብደት ያጣል። ድዋርፉ የአባቶቹን መዶሻ ጥሎ መጽሐፍ ሲያነሣ ታሪክ የሚሆነው መዶሻው ስለነበረ ነው።

የጨዋታው ዘር በፈቃድ የሚለበስ ነው፤ ዛሩም ቢሆን ግብዣው ሲያበቃ ይለቃል። ቡዳ የሚባለው ግን ሌሎች የሚለጥፉት ነው። ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ሚስዮናውያን በ1839 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ሲደርሱ፣ በአካባቢው ስለሚኖሩት ጠቢባን ስለሚባሉ ባለ እጆች ጽፈዋል። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባል ነበር። ለገበሬዎቹ ማረሻውን የሚያወጣላቸው ሰው የተፈጠረ ዘርና የተፈጠረ ጠባይ ተሰጠው፤ ዝም ቢል ተንኮለኛ፣ ዓይኑን ቢያነሣ በላተኛ ተባለ። እሱ የሚመርጠው ጠባይ አልቀረለትም፣ ሌሎቹ ቀድመው መርጠውለታል። ዐፄ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚያስቀጣ ጥፋት አደረጉት። የአዋጁ ፍርድ በተሳዳቢው ላይ ወደቀ፤ ጥፋቱን የመረጠው እሱ ነበርና።