ሰው ለወንበር ያድጋል ወይስ ወንበር ሰውን ያሳድጋል?



በአገራችን አንድ ሰው ሲሾም ወዳጅ ዘመድ «ሹመት ያዳብር» ብሎ ይመርቀዋል። ምርቃቱ መልካም ነው። ሆኖም ቃሉን ልብ ብለን ብንመረምረው እንዲዳብር የተመረቀው ሹመቱ ነው፤ ስለ ሰውየው መዳበር የተባለ ነገር የለም። በጎኑ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ስለ ወንበር ያለንን አስተሳሰብ ይገልጡልናል። ወንበር የሚደረስበትና የሚበላበት ነገር ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሰው አድጎ ነው መሪ የሚሆነው ወይስ መሪ ሲሆን ነው የሚያድገው?

ጥያቄው ለእኛ ለወጣቶች የቅርብ ነው። ከመካከላችን ገና በዩኒቨርሲቲ ያለን አለን፤ ተመርቀው ሥራ የያዙም አሉ። ጠዋት ከአያት፣ ከሲ.ኤም.ሲ. እና ከገርጂ ተነሥተው ወደ ቦሌ የሚጎርፉ ወጣት ሠራተኞች በታክሲ ውስጥ ሲጫወቱ ብንሰማ፣ ብዙ ጊዜ ወሬያቸው ስለ እድገት ነው። እስቲ ይህን «እድገት» የሚለውን ቃል እንመልከተው። ስለ ሕፃን ስንናገር «አደገ» እንላለን፤ አጥንቱ ጠና፣ አእምሮው ሰፋ ማለታችን ነው። ስለ መሥሪያ ቤት ሰው ስንናገር ግን «እድገት አገኘ» እንላለን። የሕፃኑ እድገት ከውስጥ ይመጣል፤ የሠራተኛው በደብዳቤ ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን አንድ አድርገን ስናያቸው ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት በተቀጠረ በሁለተኛው ዓመት የቡድን መሪ ሆነ። ጎበዝና ጠያቂ ልጅ ነበር። ከተሾመ በኋላ ግን መጠየቅ አቆመ፤ መጠየቅ ወንበሩን የሚያሳንስ መሰለው። ያላወቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ መናገር ጀመረ። ከእርሱ በታች ያሉትም ስሕተቱን እያዩ ዝም አሉ። ደረጃው ከፍ አለ፤ እርሱ ራሱ ግን ማደጉን ያቆመው በዚያ ቀን ነው።

በሌላ ወገን «ኃላፊነት ሰውን ያበስላል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። አባቱ የሞተበት የበኩር ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ሲሆን አይተናል። ነገር ግን እሳት እንጀራ የሚያደርገው የተቦካውን ሊጥ ነው፤ ባዶውን ምጣድ ከማጋየት በቀር የሚያደርገው የለም። ኃላፊነትም እንዲሁ ያለውን ያበስላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በየዕለቱ በሰፈራችን ሰማይ ድምፁን የምንሰማው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪኩ ራሱ ትምህርት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አየር መንገዱ የተቋቋመው በ1945 መጨረሻ ላይ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በ1946 ወደ ካይሮ በረረ። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹም፣ ዋናዎቹ ቴክኒሽያኖችም፣ አስተዳዳሪዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዓላማው ግን ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ እንዲተኩ ነበር። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ፣ የቦሌው ተሠራ። በ1966 ውሉ ተሻሽሎ ኢትዮጵያዊ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በ1970 የቲ.ደብልዩ.ኤ. ድርሻ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ተለወጠ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 ውሉ አበቃ።

ልብ እንበል! ከምሥረታው እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ድረስ 25 ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ወጣቶች በአብራሪው ክፍል፣ በጥገናው ሥፍራ፣ በቲኬት መሸጫው እየሠሩ ተምረዋል። በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ በአገሪቱ ላይ ብዙ ወንበር ተገለበጠ። አየር መንገዱ ግን መብረሩን አላቋረጠም። በ1984፣ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ሞስኮ ባዞረበት ዘመን፣ በካፒቴን መሐመድ አህመድ አመራር ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ተረከበ። ለዚህ ጽናት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ግልጽ ነው፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም፤ በብዙ ሰው እጅና አእምሮ ውስጥ ተዘርቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «ይህ ትምህርትህ ለአለቆች የሚመች ነው» ሊለኝ ይችላል። «25 ዓመት ቀላል ነውን? ‹ገና አልደረሳችሁም› የሚለው ቃል ከወንበሩ መነሣት የማይወድ ሰው ሁሉ የሚናገረው ቃል አይደለምን? ቅኝ ገዢዎች ለአፍሪካ ሕዝብ ይሉት የነበረው ይህንኑ ነው። በመሥሪያ ቤትም በዘመድና በትውውቅ ተቀድሞ፣ ዕውቀቱ እያለው ፀጉሩ የሸበተ ስንት ሰው አለ!» ቢለኝ፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ለተበደለ ሰው «ታገሥ፣ ገና እያደግህ ነው» ማለት በበደል ላይ በደል መጨመር ነው። ስለዚህ ትዕግሥትን ብቻ የሚሰብክ መልስ አይበቃም።

መልሱ ሁለት ዓይነት «ቆይ» መኖሩን በማወቅ ይጀምራል። ወደ አንድ የመኪና ጋራዥ እንሂድ። ሁለት ልጆች ለሁለት መካኒኮች መፍቻ ያቀብላሉ። ሁለቱም መካኒኮች «ቆይ፣ ገና ነህ» ይላሉ። አንደኛው ሞተሩን ሲከፍት ልጁን ጠርቶ «ና እይ፣ ይኸ የሚፈታው እንዲህ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው ሞተሩን ሲከፍት ጀርባውን ይሰጣል፤ ልጁ እንዳያይ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንደኛው ልጅ መካኒክ ነው፤ ሁለተኛው አሁንም መፍቻ አቀባይ ነው። የተናገሩት ቃል አንድ ነው፤ የቆዩበት ጊዜም አንድ ነው። ልዩነቱ «ቆይ» ያለው ሰው በመካከሉ እያስተማረ ነበር ወይስ እየደበቀ ነበር የሚለው ነው። እንግዲህ መሪን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ይመስለኛል። የሚያስተምረው «ቆይ» ማሳደጊያ ነው፤ የሚደብቀው «ቆይ» አጥር ነው። ለመጀመሪያው መታገሥ ጥበብ ነው። ሁለተኛውን መቃወም፣ ሲያቅትም ሌላ ቦታ ሄዶ መማር፣ ትዕቢት አይደለም።

ሰው ቤት ቢለውጥ እድገቱ አብሮት ይሄዳልና። አቶ ግርማ ዋቄ በአየር መንገዱ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በሌሎች ድርጅቶች ሠርተዋል። በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ሲመለሱ በውጭ ያገኙትን ዕውቀት ይዘው ነው የመጡት። በ2011 ወንበሩን የተረከቡት አቶ ተወልደ ገብረማርያም በ1980ዎቹ በጭነት ክፍል ከዝቅተኛ ደረጃ ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንገደኛ ሲጠፋ፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር እየተነሣ ጭነት እንዲጫንባቸው ተደርጓል። የጭነትን ሥራ ከታች ያወቀ ሰው በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 እርሳቸው በጤና ምክንያት ሲለቁ በምትካቸው የመጡት አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው ቤት በመሐንዲስነት ያደጉ ናቸው።

ርክክብን ማክበር ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሰውን በየእርከኑ ያሳድጋል፤ ሥልጣንንም በየስምንት ዓመቱ ያረካክባል። በዚያ ሥርዓት የሚመራው ሰው ወደ ወንበሩ ሲወጣ የሚወርድበትን ቀን ያውቃል። የሚወርድበትን ቀን የሚያውቅ መሪ የሚተካውን ሰው ማየት አያስፈራውም። «ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ግን ሹም ሽር በድንገት ከሚመጣበት ቤት ነው። መሻሩን የሚፈራ ሰው ቶሎ ይበላል፤ የሚያውቀውንም ይደብቃል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ሳንሾም የምንመራው ነገር እንዳለ እንወቅ። ለታናሽ ወንድሙ ሒሳብ የሚያስረዳ፣ አዲስ ለገባ ተማሪ ማስታወሻውን የሚያውስ፣ አመራርን ጀምሯል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ራሳችንን «ምን እድገት አገኘሁ?» ከማለት ይልቅ «አምና ማድረግ የማልችለውን፣ ዘንድሮ የምችለው ምንድን ነው? ለማንስ አስተማርሁት?» ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ነገ ወንበር ቢሰጠን በመጀመሪያው ቀን የሚተካንን ሰው እናስብ። ከእኛ በታች ያለው ሰው ሲያድግ ልባችን ከፈራ ያላደግነው እኛ ነን።

ብዙዎች ለውጥ ማለት የሰው መቀያየር ይመስላቸዋል። ሰው ሳያድግ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቢቀያየር ግን ነገሩ ተራ መጠበቅ ብቻ ይሆናል፤ ትናንት የጮኸው ዛሬ ይቀመጣል፣ ዛሬ የተቀመጠው ነገ ይጮኻል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣን ወንበሩን ሳንይዘው ማደግ፣ ይዘነውም ሌላውን ማሳደግ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመካከላችን ለተሾመ ሰው «ሹመት ያዳብር» ማለታችንን አንተው። ነገር ግን ቀጥለን «አንተንም ያዳብርህ፤ ከአንተም በታች ያሉትን» እንበለው።