ከኋላ ለሚያልፍ ሰው

ልጄ፣ አባትህ ደውሎ «ፊልም ካልሠራሁ ብሎ ልቡ ሸፍቷል፣ አንቺ ታውቂዋለሽና ምከሪው» አለኝ። ልከለክልህ አይደለም የምጽፍልህ። እኔም ከጉንደ ወይን ወጥቼ አዲስ አበባ ላይ በፊልም ኤክስትራነት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ገበያ መሀል ቆሜ፣ ሰርግ ቤት እልል ብዬ የቀኔን ሒሳብ ስቀበል ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ላይ መልኬን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም። ሥራው ይኸው ነው። ስትመጣ ይህን አውቀህ ና።

ኤክስትራ ማለት ዋናው ተዋናይ ሲያወራ ከኋላው የሚያልፈው ሰው ነው። ተመልካች አያየውም፣ ከሌለ ግን ገበያው ገበያ፣ ሰርጉም ሰርግ አይሆንም። ስለ ጋንዲ የተሠራውን ፊልም ምናልባት አይተኸው ይሆናል። የቀብሩን ትዕይንት ለመቅረጽ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1981 ደልሂ ላይ ከ300,000 የሚበልጥ ሰው ወጣ። ፊልሙ ላይ የቀረው ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ «ያ እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ለይቶ ያሳየ ካለ ይገርመኛል። ግን ያ ሕዝብ ባይወጣ ኖሮ የጋንዲ ቀብር የመንደር ቀብር ይመስል ነበር።

በእኛም አገር ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ሰሞን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲሠራ ካሜራ ፊት ያቆማቸው አብዛኞቹ ሰዎች ተዋናይነት ሙያቸው አልነበረም። በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ተቀርጾ ያለቀ ፊልም ነው። ዛሬም የሚታየው ለዚያ ይመስለኛል፤ ገበሬው ሲራመድ እንደ ገበሬ ነው የሚራመደው። አሁን ግን አንዳንድ ድራማችን ላይ የገጠር ሰው ተብሎ የሚመጣው ጠዋት ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ እጥፋቱ እንኳ ያልተፈታ ጋቢ ለብሶ ነው። እግሩ ላይ ደግሞ አዲስ ስኒከር! ይህን ሳይ እናደዳለሁ።

አንተ እዚያ በእኛ አገር ተወልደህ ያደግኸው ልጅ የምትበልጠው በዚህ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፣ በኋላም በቴሌቪዥን ድራማ ቀርቧል። ታሪኩ የእኛው አገር ታሪክ ነው፤ በታሪኩ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ብቸና አጠገብ ነው። እንግዲህ አበጀ በለውን ተከትሎ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሣውን ገበሬ አስበው። ያ ሁሉ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲቀረጽ ዱላውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ተቆጥቶ እንዴት እንደሚቆም፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ጋቢውን እንዴት እንደሚያደገድግ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ቦሌ ያደገ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

አንድ ቀን የለቅሶ ትዕይንት ስንሠራ ከከተማ የመጡት ልጆች ነጠላቸውን ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው መስቀለኛ አጣፍተው ተደረደሩ። ለሐዘን ነጠላ እንደሚዘቀዘቅ፣ ጥበቡ ወደ አንገት እንደሚወጣ አልባሳት የያዘችው ልጅም አታውቅም ነበር። ከእኛ ወገን አንዲት እናት ተነሥተው የሁሉንም በየተራ አስተካከሉላቸው። ዳይሬክተሩ አይቶ ዝም አለ፣ በሚቀጥለው ቀረጻ ግን መጀመሪያ ያስጠራው እሳቸውን ነው። ባዶ እንስራም እንዲሁ ነው። ባዶ ያዘለች ልጅ ወገቧ ቀጥ ብሎ ስትሄድ ገና ከሩቅ ታስታውቃለች። ውኃ ሲሞላላት ጎንበስ ትላለች፣ እርምጃዋ ያጥራል፣ ማንም «ተውኚ» ሳይላት ትተውናለች። ሞፈርና ቀንበር ተሸከም ሲሉህ አንተም የሚከብደውን እውነተኛውን ጠይቅ።

ትወና ግን አትጨምርበት። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። ካሜራው በእሱ በኩል ሲዞር ፊቱን ያከብዳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ይባስ ብሎ ሌንሱን ያያል። ያን ጊዜ «ከት!» ይባላል፣ የሃምሳ ሰው ድካም እንደገና ይጀመራል፣ ያ ልጅም በማግስቱ አይጠራም። ሰርግ ቤት ተቀምጠህ ስታወራ ከንፈርህ ይንቀሳቀስ እንጂ ድምፅ አይውጣህ፤ ድምፅ የሚቀዳው ለሙሽራዋ ነው። እንጀራውንም በመጀመሪያው ቴክ ጠግበህ አትብላ፤ ያንኑ ጉርሻ እስከ ማታ ስትጎርስ ልትውል ትችላለህ። ሞፈሩን በቀኝ ትከሻህ ይዘህ ከጀመርህ እስከ መጨረሻው በቀኝ ነው። ረስተህ ወደ ግራ ካዞርኸው ፊልሙ ሲቆራረጥና ሲቀጠል እንደ ጠንቋይ ከትከሻ ትከሻ ሲዘል ይታያል።

ሌላው ጥበቃው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጠርተህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ ልታልፍ ትችላለህ። ቆሎና ውኃ ያዝ። ሎኬሽን ላይ ስልክህን አውጥተህ ተዋናይ ፎቶ አታንሳ፤ ያልወጣ ድራማ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ የተባረረ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ለመመዝገቢያ፣ ለፎቶ፣ ለ«ካስቲንግ ፎርም» ክፈል ካሉህ ተመለስ። የሚከፈለው ለአንተ ነው፣ አንተ አትከፍልም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሆሊውድም ኤክስትራውን ደላሎች ሲበዘብዙት ቆይተው ነው እ.ኤ.አ. በ1925 ስቱዲዮዎቹ ሴንትራል ካስቲንግ የሚባለውን መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት። እኔም አንድ ደላላ ሒሳቤን ተቀብሎልኝ ስልኩን ዘግቶ ጠፍቶብኛል። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ከመውጣቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ ማን ይከፍላል፣ ትራንስፖርትና ምሳ ከእናንተ ነው ወይ፣ ሌሊት ካመሸን ማን ቤት ያደርሰናል። ሰው ፊት ጮክ ብለህ ጠይቅ። የምታፍር ከሆነ አበልህን ሌላ ሰው ይበላዋል።

ሕጉንም እወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ውል ነው ይላል። መደበኛው የሥራ ቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። አንተ ደግሞ ገና 18 አልሞላህምና ለአንተ 7 ሰዓት ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አያሠሩህም። ሎኬሽን ላይ ይህን የሚጠብቅ ብዙ የለም፣ እዋሽሃለሁ እንዴ? ቢሆንም የማያውቅና የሚያውቅ ሠራተኛ እኩል አይታዘዙም። አብራህ የምትሠራ ሴት ልጅ ካለች ደግሞ ማታ ለብቻዋ «ዳይሬክተሩ ሊያናግርሽ ነው» ተብላ ስትጠራ ዝም ብለህ አትይ፤ አብረሃት ሂድ።

ኤክስትራነት ወደ ዋና ተዋናይነት መሰላል ነው የሚሉህን አትመን። የወጣ አለ፤ የቀረው ግን እጅግ ይበዛል። ተዋናይ መሆን ከፈለግህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ ያስተምራል፣ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ማለፍ አለብህ። ኤክስትራነትን በዕረፍትህ የምትሠራው የቀን ሥራ አድርገህ ያዘው። በየቀኑ አይገኝም፤ በእሱ ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አላየሁም። ለዚህ ብሎ አባትህ በሬ እንዳይሸጥ፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ፈተናህን ስትጨርስ በደጀን በኩል መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀህ ተነሣ፣ ከመሳፈርህ በፊትም ደውልልኝ። መታወቂያህን እንዳትረሳ። የአባትህን አሮጌ ጋቢና የምታርስበትን ቁምጣ ይዘህ ና፣ አዲስ እንዳትገዛ።