የማይችል ሰው ሲታገል ማየት ስለ ምን ያስደስታል?

ሰው የማይችለውን ሥራ በአደባባይ ሲሠራ አይቶ መደሰት ነውር ነውን? ይህ ጥያቄ ያደረብኝ ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች ጨዋታ በፊልም ስመለከት ነው።

ጨዋታው በአገራችን እምብዛም የታወቀ ስላልሆነ ጥቂት ልግለጸው። በየወገኑ ዐሥራ አንድ ሰዎች አሉ። አንደኛው ወገን ኳስ ሲወረውር የሌላው ወገን ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ጠፍጣፋ ዱላ ይዘው ይገባሉ፤ ከኋላቸው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቁ ኳሱን ይመታሉ፤ ከጫፍ ወደ ጫፍም በመሮጥ ነጥብ ያገኛሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይተካል፤ ዐሥሩ ከወጡ ተራው ያበቃል። በመምታት የሠለጠኑት ስለሚቀድሙ በስተመጨረሻ የሚገቡት በውርወራ የተመሰገኑ፣ ዱላ ግን በወጉ የማያውቁ ናቸው። እንግሊዞች እነዚህን «ጅራት» ይሏቸዋል። ሕጉ ማንንም አይምርምና አልችልም ብሎ የሚቀር የለም።

የኒውዚላንዱ ክሪስ ማርቲን እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው የአገሮች ግጥሚያ 71 ጊዜ ተሰልፎ 233 መቺዎችን አስወጥቷል። በዱላው ያገኘው ነጥብ ግን በጠቅላላው 123 ብቻ ነው። ይህን ሰው በፊልም ባየሁት ጊዜ ሣቅሁ፤ ሣቄንም አልክድም።

አንዳንዱ ይህ ክፋት ነው ይለን ይሆናል። ሌላውን በውርወራው ሲያስፈራ የዋለ ሰው ተራው ደርሶ በኳስ ፊት ሲንቀጠቀጥ ማየት የበቀል ጣዕም አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ መውጣቱን በተመኘን ነበር። እኛ ግን አንዲት ኳስ፣ ደግሞም አንዲት ኳስ እንዲቈይ እንመኝለታለን። በ1999 (ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የኒውዚላንዱ ጄፍ አሎት በኦክላንድ ከተማ በደቡብ አፍሪካ ወርዋሪዎች ፊት 101 ደቂቃ ቆሞ፣ 77 ኳስ ተወርውሮበት፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኝ ወጣ። በሒሳብ ቢታይ ምንም አልሠራም። ግጥሚያው ግን ያለ አሸናፊ አለቀ።

እኔም አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤት በዓል ላይ ተናጋሪው ስለ ቀረ በድንገት ንግግር እንዳደርግ ታዘዝሁ። ወረቀቱ በእጄ ሲንቀጠቀጥ ከፊት ወንበር የሣቀው የቅርብ ወዳጄ ነበር፤ ስጨርስም ቀድሞ እጄን የጨበጠኝ እርሱ ነው። የማያውቁኝ ሰዎች አልሣቁም፤ ሰዓታቸውን ይመለከቱ ነበር።

በ2019 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ፣ እንግሊዝ አውስትራልያን ለማሸነፍ 73 ነጥብ ሲቀራት የመጨረሻው ሰው ጃክ ሊች ገባ። ብርቱው መቺ ቤን ስቶክስ በወዲያኛው ጫፍ ነበረ። ሊች መነጽሩን እየወለወለ 17 ኳስ ተከላከለ፤ ያገኘውም አንድ ነጥብ ነው፤ እንግሊዝም አሸነፈች። የሊችን መነጽር ሳይ ሣቄ ከየት እንደ ጀመረና የት እንዳበቃ አላወቅሁትም።

ደስታዬ ያለ ነቀፋ መሆኑን ግን እስካሁን አላመንሁም። በዚያው ሜዳ በ2014 የእንግሊዙ ወርዋሪ ጄምስ አንደርሰን ከስሪላንካ ጋር ሲገጥም፣ ሽንፈትን ለማዳን እስከ ቀኑ ፍጻሜ መቆም ብቻ ይበቃው ነበር። 55 ኳስ ያለ ነጥብ ቆየ። ሊያልቅ ሁለት ኳስ ሲቀር ግን፣ ከሁለቱ በፊተኛዋ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ሲጠይቁት እንባ ተናነቀው። እኔ በእነዚያ 55 ኳሶች ተደስቼባቸው ነበር፤ አሁንም ፊልሙን ባገኝ አየዋለሁ፤ ወደ እንባው ሲደርስ ግን አጠፋዋለሁ።