እርጥቡን ወደ ላይ አውጡት

ሾላ ገበያ በርበሬ ስገዛ ከላይ ያለውን ብቻ አይቼ አልከፍልም፤ እጄን ሰድጄ ከሥሩ እዘግናለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረው ገሥጸውታል፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠንቅቀዋል።

ዛሬ በቴሌግራም በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ግን እጅ አይገባም። ያለው ምስል ነው፤ ብሩም በቴሌብር ይቀድማል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ከምስሉ ጀርባ ያለውን ነውር ግን ከአላህ (ሱ.ወ) ቀጥሎ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ወንድሜ ነጋዴ ሆይ! ገዢው እጁን መስደድ ካልቻለ፣ እርጥቡን ወደ ላይ ማውጣት ያንተ አማና ነው። ጉድለቱን ከዋጋው ጎን ጻፍ። ብሩ በሰከንድ ይገባል፤ ሒሳቡ ግን የውመል ቂያማ ይጠብቃል። ወላሁ አዕለም።